ዜና፣ ትምህርትና አገልግሎት በአንዲት ሴት ሕይወት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

ዛሬ የምናወጋችሁ በትንሽ ከተማ በጋዜጠኝነት ስለሠራች፣ ኋላም መምህርት ስለሆነች፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ደብሯን በነጻ ስለምታገለግል ሴት ነው። አንዲቱን ለይተን ስሟን አንጠራም፤ እንዲህ ያለች ሴት በየከተማችን ስላለች እናንተው ታውቋታላችሁ። ቀዳሚዎቿን ግን በስማቸው እናነሣለን። በመጨረሻም የእሷን የሕይወት ታሪክ እንዴት ጽፈን ማስቀመጥ እንደምንችል ደረጃ በደረጃ እናያለን። እርሳስና ወረቀት አቅርቡ፤ አብረን የምናሰላው ስሌት አለ።

ዋናውን ሐሳብ ከወዲሁ እንናገር። ዜና መጻፍ፣ ማስተማርና ቤተ ክርስቲያንን ማገልገል በእሷ ሕይወት ውስጥ አንድ መሠረት አላቸው፤ ሦስቱም የታመነ ቃል ለሰው ማድረስ ናቸው። ይህን ስትሠራ የኖረች ሴት ታሪኳ ሳይጻፍ ካለፈ የከተማው ታሪክም አብሮ ይጎድላል።

በትንሽ ከተማ ጋዜጠኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። በትልቅ ከተማ ጋዜጠኛው የጻፈበትን ሰው ዳግመኛ ላያየው ይችላል። እንደ ፍኖተ ሰላም ባለች ትንሽ ከተማ ግን ስለ በርበሬ ዋጋ የጻፈችበት ነጋዴ በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኛታል። ስለ ውኃ መቋረጥ የጠየቀችው ኃላፊ ሰርግ ቤት ከጎኗ ይቀመጣል። ስሙን አሳስታ የጻፈችበት ገበሬ ከጃቢ ጠህናን ገጠር በእግሩ መጥቶ፣ "ልጄ፣ ይኸ እኮ የእኔ ስም አይደለም" ይላታል። ስለዚህ ማጣራት ለእሷ ከሰው ጋር ተከባብራ የምትኖርበት መንገድ ነው። አንድ ነገር ሰምታ ከመጻፏ በፊት ሌላ ሁለተኛ ሰው ትጠይቃለች፤ ቦታው ድረስ ሄዳ ታያለች፤ ቁጥሩን ደግማ ትቆጥራለች።

(አጭር ሙዚቃ)

የታተመ ጋዜጣ በዚህ አገር በታሪክ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ከአርበኛውና በእንግሊዞች ከተመራው የጌዴዎን ጦር ጋር የጽሑፍ ዘመቻም አብሮ ይካሄድ ነበር። ጆርጅ ስቲር የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ የተጻፉ ወረቀቶችን ይበትን፣ በድምፅ ማጉያም ለጣሊያን የተሰለፉትን አገሬዎች ይጠራ ነበር። "ባንዲራችን" የተባለው ጋዜጣም በካርቱም እየታተመ ለአርበኞች ይላክ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ቡሬና ማንኩሳ አካባቢ ውጊያ ሲደረግ፣ ከጥይቱ ጎን ለጎን ቃሉም ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ያን ወረቀት ለሕዝቡ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ማን ነበር? በዚያ ዘመን በገጠሩ ፊደል የሚለየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካህን፣ ደብተራ ወይም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበር። ጋዜጣ፣ ትምህርትና ቤተ ክርስቲያን በአገራችን ከመጀመሪያውም እንዲህ የተገናኙ ናቸው። ከድሉ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን በአዲስ አበባ መታተም ጀመረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ በኩር ጋዜጣ በባሕር ዳር ሲጀመር ደግሞ የአማራ ክልል ሰው የራሱን ወረዳ ጉዳይ በቅርብ የሚያነብበት ገጽ አገኘ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሴት ድምፅ የት ነበር? እዚህ ላይ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁንን እናነሣለን። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፃቸውን ካሰሙ ሴቶች ቀዳሚዋ ናቸው፤ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ ተብለውም ይታወቃሉ። "ማኅቶተ ጥበብ" የተባለ መጽሐፍም ጽፈዋል። ሴት ልጅ በአደባባይ መናገሯ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ሮማነወርቅ በየቤቱ በሬዲዮ ገብተው ስለ ኑሮና ስለ ምግባር አስተማሩ። ጋዜጠኛዋ መምህርትም መሆኗ ከዚያ ጀምሮ የታየ ነገር ነው።

ከእሳቸው ጋር በአንድ ዘመን የኖሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ደግሞ ብዕርንና ጥቁር ሰሌዳን አንድ ላይ የያዙ ሴት ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በስዊዘርላንድ ተምረዋል። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ይዘው አዚናራ በተባለችው ደሴት ካሰሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል አንዷ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ማስተማር ቀጠሉ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ዳይሬክተር ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. "የልቤ መጽሐፍ" የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ። የሕዝብ ምርጫ ሲደረግም ተመርጠው በአገራችን ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እስር ቤትም፣ መማሪያ ክፍልም፣ ምክር ቤትም ውስጥ የያዙት መሣሪያ ያው ቃል ነበር።

በእኛ ዘመን ደግሞ ርዕዮት ዓለሙ አለች። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና እያስተማረች በ"ፍትሕ" ጋዜጣ ላይ ትጽፍ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ታሰረች፤ በ2007 ዓ.ም. ተፈታች። በእስር ላይ ሳለች በ2005 ዓ.ም. ዩኔስኮ በጊለርሞ ካኖ ስም የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የፕሬስ ነጻነት ሽልማት ሸለማት። ይህ የሚያስታውሰን አንድ ነገር ነው፤ በየዋህነት የሚሠራ የሚመስለው የመምህርትና የጸሐፊ ሥራ ብርቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ከባሕር ማዶም አንድ ሕይወት እንጨምር። አይዳ ቢ. ዌልስ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ከባሪያ ወላጆች ተወለደች። በ16 ዓመቷ ወላጆቿ በቢጫ ወባ ሲሞቱባት ታናናሾቿን ለማሳደግ መምህርት ሆነች። ከዚያም ሜምፊስ ከተማ ላይ እያስተማረች መጻፍ ጀመረች፤ በ1889 "ፍሪ ስፒች" የተባለው ጋዜጣ ባለ ድርሻ ሆነች። የጥቁሮች ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ምን ያህል እንደተጎሳቆሉ ስትጽፍ፣ በ1891 ከማስተማር ሥራዋ ተሰናበተች። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ወዳጆቿ በነጮች መንጋ ተገደሉ። የግድያዎቹን መንስኤ እያጣራች እውነቱን በመጻፏ የጋዜጣዋን ቢሮ ሰባበሩት። ወደ ቺካጎ ሄዳ መጻፏን ቀጠለች፤ እሑድ እሑድም በቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምር ነበር። ከዚያ ትምህርት ጉባኤ የተነሡት ወጣቶች ከገጠር ለሚመጡ ጥቁሮች ማረፊያና የሥራ መፈለጊያ የሚሆን ማኅበር አቋቋሙ። ከሞተች ከ89 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ተሰጣት።

የአይዳን ሕይወት ያነሣነው ከእኛ ሴት ሕይወት ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ቅደም ተከተሉ ይለያያል፤ እሷ ከመምህርነት ወደ ጋዜጣ፣ የእኛዋ ከጋዜጣ ወደ መምህርነት ሄደች። ሁለቱም ግን አንዱን ሲይዙ ሌላውን አልጣሉም።

ለመሆኑ ጋዜጠኛዋ ወደ ክፍል ስትገባ ምን ይዛ ትገባለች? ዜና የሚጻፍባቸውን ስድስት ጥያቄዎች ይዛ ትገባለች፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ተማሪዎቿን ስለ ቤታቸው ጓሮ አንድ አንቀጽ ጻፉ ትላቸዋለች። "በቆሎው ጥሩ ነው" ብሎ የጻፈውን ልጅ፣ "መቼ ተዘራ? ማን ዘራው? ለምን ጥሩ ሆነ?" ብላ ትመልሰዋለች። ልጁ ማታ አባቱን ጠይቆ በማግስቱ ሙሉ ታሪክ ይዞ ይመጣል። እንዲህ የተማረ ልጅ የሰማውን ሁሉ አያምንም፤ ያላየውንም አየሁ አይልም። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት፤ ወደዚያ ገብተው ለሚሠለጥኑ ወጣቶች ይህ ዘዴ ገንዘብ የማይጠይቅ መሣሪያ ነው።

ጎልማሶችን የማስተማሩ ወግም በአገራችን አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል። መምህራን፣ ተማሪዎችና ፊደል የቆጠሩ ሁሉ በየዛፉ ጥላ ሥር እናቶችንና አባቶችን አስተምረዋል። ዛሬ ስማቸውን የሚጽፉ አያቶች በየገጠሩ አሉ፤ ያስተማሯቸው ሰዎች ግን ብዙዎቹ በስማቸው አይታወቁም። በቅርቡም በክልላችን ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ሲዘጋ፣ ልጅ እንዳይረሳ ብለው በሰፈርና በደጀ ሰላም ሰብስበው ፊደል የሚያስጠኑ ሰዎች ዋጋቸው ምን ያህል እንደሆነ ወላጆች ሁሉ ታውቁታላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሦስተኛው ሥራዋ እንምጣ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ሲባል የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ በግእዝ ይቀኛል፤ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዚህ በወንዶች በተሞላ ጉባኤ ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው በክብር ይነሣል። በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጥተው፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ተማሩ፤ በኋላም በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተማሩ። ዓይን ሳይኖራቸው የተማሪውን ቅኔ በጆሯቸው መዝነው፣ ቤቱ የጎደለውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያርሙ ነበር። ሴት በቤተ ክርስቲያን ምን ታገለግላለች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከእሳቸው የበለጠ መልስ የለም።

የእኛዋ ሴት አገልግሎት ከዚህ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ግን የዚያው ወግ ልጅ ናት። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት መዝሙር ታስጠናለች። በሰበካ ጉባኤ ስትመረጥ ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው እሷ ናት፤ ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ስንት ብር እንደገባና እንደወጣ በትክክል ታሰፍራለች። ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ በቃለ ዓዋዲ ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ጉባኤ ጥርት ያለ ጽሑፍ ከሌለው ቶሎ ለጭቅጭቅ ይዳረጋል። በጋዜጣ ያጣራችበት እጅ በደብሩ መዝገብ ላይ ሰላም ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ከልጆቻቸው የመጣ ደብዳቤ ታነባለች፤ በበዓል ቀን ለነድያን እንጀራ ትዘረጋለች፤ ሐዘን ቤት ሲኖር ቀድማ ትደርሳለች።

አድማጮቻችን፣ አሁን እርሳሱን አንሡ። ይህችን ሴት ዛሬ ብትጠይቋት፣ "ምን ሠርቼ ነው የኔ ታሪክ የሚጻፈው?" ትላችኋለች። ትሕትናዋን አክብሩ፤ እናንተ ግን ጻፉ። በሕይወት ሳለች ሲጻፍ ስሕተቱን ራሷ ታርመዋለች። ካረፈች በኋላ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ምስጋና ብቻ ይሆናል።

አንደኛ፣ ፈቃዷን ጠይቁ። ምን እንዲጻፍ፣ ምን እንዲቀር እንደምትፈልግ ስሟት። የቤተሰብ ምሥጢርና የሌላ ሰው ነውር በእሷ ታሪክ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሁለተኛ፣ በእድሜዋ ቅደም ተከተል ጠይቋት። "እትዬ፣ መጀመሪያ ፊደል ያስቆጠረዎት ማን ነው? የመጀመሪያውን ዜና ስለ ምን ጻፉ? ለምን ወደ ማስተማር ሄዱ? ከተማሪዎችዎ የማይረሱት ማን ነው? በደብሩ ማገልገል መቼ ጀመሩ?" እንዲህ ያለ ጥያቄ ረጅም መልስ ያመጣል። "ሕይወትዎ እንዴት ነበር?" የሚለው ሰፊ ጥያቄ ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" ከሚል መልስ አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ዘመኑን አጣሩ። አንጋፋዎቻችን ዓመተ ምሕረት ከመጥራት ይልቅ በወንጌላውያን ይቆጥራሉ፤ "በዘመነ ሉቃስ ተወለድሁ" ይላሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ድምሩን ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት፣ "ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ ተወለድሁ" ቢሉ፣ 1933ን እንሞክር፤ 5500 ሲደመርበት 7433 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ማቴዎስ ነው። ስለዚህ 1934 ማርቆስ፣ 1935 ሉቃስ ይሆናል። እናታችን የተወለዱት በ1935 ዓ.ም. ነው ማለት ነው።

ቀኑንም ማግኘት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ባለታሪኳ ክርስትና የተነሣችው ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት መሆኑን ቤተሰቡ ካስታወሰ፣ 80 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ልደቷ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይውላል። የክርስትና ስሟን፣ የክርስትና እናቷንና ያጠመቋትን ካህን ስም መመዝገብም አትርሱ።

አራተኛ፣ ያለችውን በጽሑፍ ማስረጃ ፈልጉ። የጻፈችው ዜና ታትሞ ከሆነ ጋዜጣው የወጣበትን ቀንና ገጽ መዝግቡ። የቆዩ ጋዜጦች በአዲስ አበባ በወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ። ያስተማረችበት ትምህርት ቤት የተማሪ መዝገብ፣ የደብሩ ቃለ ጉባኤ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት የድሮ ፎቶግራፍ ሁሉም ምስክር ነው። ሁለት ምስክር ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን በግምት አትጣሉ።

አምስተኛ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላት። ለአርባ ዓመት የሰውን ጽሑፍ ስታርም የኖረች ሴት የራሷን ታሪክ የማረም መብት አላት። ከዚያ አንድ ቅጂ ለልጆቿ፣ አንድ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ።

ሮማነወርቅን፣ ስንዱንና እማሆይ ገላነሽን ዛሬ በስም መጥራት የቻልነው ሥራቸውን ያስታወሰላቸው ሰው ስለነበረ ነው። በእነሱ ዘመን በየወረዳው የጻፉ፣ ያስተማሩና ያገለገሉ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ስማቸው ያልደረሰን በሥራቸው ማነስ ሳይሆን በጸሐፊ መጥፋት ነው። ይህን ጉድለት ማሟላት ለእያንዳንዳችሁ የሚቻል ሥራ ነው። መምህራን፣ ይህን ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁ የአንድ ወር የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ በመጪው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ተሰብስባችሁ በደብራችሁ ከእናንተ በፊት ያስተማሩትን እናቶች ስም ዝርዝር አውጡ፤ ከሁሉ በእድሜ ከሚበልጡት ጀምሩ። ልጆች ደግሞ ዛሬ ማታ አያታችሁን በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደተወለዱ ጠይቁና የተማርነውን ስሌት ሠርታችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከእናንተ መካከል ይህን የጀመሩ ተማሪዎች ያሰባሰቡትን አብረን እየሰማን እናርማለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)